የ760 ዶላሩ ጠቅታ ማንን ይዞ መጣ?

ከአንባቢ የደረሰን ደብዳቤ፦

«በቨርጂኒያ ግዛት፣ በአሌክሳንድሪያ ከተማ የቤትና የምንጣፍ ጽዳት ድርጅት አለኝ። ሁለት ሠራተኞችና አንድ ቫን አሉኝ። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ሥራ የማገኘው በሰው በሰው ነበር። ባለፈው ወር በጎግል ላይ በቀን 25 ዶላር መድቤ ማስታወቂያ አስወጣሁ። በወሩ መጨረሻ 760 ዶላር ከካርዴ ተቆርጧል፤ በአንድ ቀን ብቻ 48 ዶላር የሄደበት ጊዜ አለ። ማስታወቂያውን 131 ጊዜ ጠቅ አድርገውታል፤ 16 ውጤት አግኝተሻልም ይለኛል። የደወሉልኝ ግን 19 ሰዎች ሲሆኑ 11ዱ ሥራ ፈላጊዎች፣ 3ቱ ደግሞ ሌላ ግዛት የሚኖሩ ናቸው። ደንበኛ የሆኑኝ 2 ብቻ ናቸው፤ እነሱም አንድ ጊዜ ምንጣፍ አስጸድተው ሄዱ። ከአንድ ምንጣፍ ሥራ ወጪዬ ተቀንሶ 70 ዶላር ያህል ይተርፈኛል፤ በየሁለት ሳምንቱ ቤታቸውን ከማጸዳላቸው ደንበኞች ደግሞ በአንድ ጊዜ 60 ዶላር። ማስታወቂያዬን ደጋግሞ ጠቅ እያደረገ ገንዘቤን የሚጨርሰው በአካባቢዬ ያለ ተፎካካሪ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። የማስታወቂያ አማካሪ ነኝ ያለ ሰው ደውሎ በጀትሽን በቀን 50 ዶላር አድርጊው አለኝ። አንድ የማስታወቂያ ድርጅት ደግሞ በወር 600 ዶላር እየከፈልሽኝ ለአንድ ዓመት ልያዝልሽ ብሎኛል። ምን ላድርግ? ወይስ ጭራሽ ልተወው?»

ውድ እህታችን፣

ከደብዳቤዎ ጋር አያይዘው የላኩልኝን የስክሪን ፎቶዎች አንድ በአንድ ተመልክቻቸዋለሁ። ገንዘብዎን የጨረሰው ተፎካካሪዎ አይመስለኝም። የጨረሱት ተንኮል የሌለባቸው ሰዎች ናቸው፤ የጽዳት ሥራ የሚፈልጉ፣ ማሽን ለመከራየት ያሰቡ፣ ምንጣፋቸው ላይ ቡና ፈስሶባቸው መላ የሚሹ። ማስታወቂያው ለእነሱ እንዲታይ ያደረጉት ደግሞ እርስዎ ሂሳቡን ሲከፍቱ ሳይነኳቸው ያለፏቸው ምርጫዎች ናቸው። ስለዚህ ጭራሽ ይተዉት አልልም፤ ነገር ግን እነዚህ ምርጫዎች እስኪስተካከሉ ድረስ ዛሬውኑ እንዲያስቆሙት አጥብቄ እመክርዎታለሁ። ለጊዜው ማስቆም ምንም አያስከፍልም፤ የሠሩትም ሥራ አይጠፋም።

በመጀመሪያ መታየት ያለበት ሰዎች በእርግጥ የጻፉት ቃል ነው። በሂሳብዎ ውስጥ «ኪወርድስ» የሚለው ገጽ የሚያሳየው እርስዎ የመረጧቸውን ቃላት ሲሆን «ሰርች ተርምስ» የሚለው ደግሞ ሰዎች መፈለጊያው ላይ የጻፏቸውንና እርስዎ የከፈሉባቸውን ያሳያል። ወሩን ሙሉ ሲከታተሉ የቆዩት የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ እንደነበር ከአጻጻፍዎ ተረድቻለሁ። በአንደኛው ፎቶ ላይ ሁለተኛው ገጽ በከፊል ይነበባል፤ መስመሮቹን ወደ አማርኛ ስመልሳቸው እንዲህ ይላሉ፦ «በአቅራቢያዬ ያለ የቤት ጽዳት ሥራ ቅጥር»፣ «የጽዳት ሠራተኛ በሰዓት ስንት ይከፈላታል»፣ «የምንጣፍ ማጽጃ ማሽን ኪራይ»፣ «የቡና እድፍ ከምንጣፍ ላይ እንዴት ይለቃል»፣ «የጽዳት ድርጅት ለመክፈት ምን ፈቃድ ያስፈልጋል»። ከእነዚህ አምስት ሰዎች አንዳቸውም ቤታቸውን የሚያጸዳላቸው ሰው አልፈለጉም። ለእያንዳንዳቸው ጠቅታ ግን ወደ 6 ዶላር የሚጠጋ ከፍለዋል።

ይህ የሆነው «ብሮድ ማች» በሚባለው አሠራር ነው። አንድን ቁልፍ ቃል ያለ ምንም ምልክት እንዲሁ ከጻፉት ጎግል የሚይዘው በዚህ አሠራር ነው፤ ይኸውም ከቃሉ ጋር በሐሳብ ይገናኛል ብሎ ለገመተው ፍለጋ ሁሉ ማስታወቂያዎን ያወጣል። ብዙ ገንዘብና የዓመታት የሽያጭ መረጃ ላለው ትልቅ ድርጅት ሊጠቅም ይችል ይሆናል፤ በቀን 25 ዶላር ለሚያወጣ ሰው ግን በጀቱን ከማይመለከተው ሰው ጋር ማካፈል ነው። ቃሉን በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ካስገቡት «ፍሬዝ ማች» ይሆናል፤ ማስታወቂያው የሚወጣው የሰውየው ፍለጋ የእርስዎን ሐረግ ትርጉም ሲይዝ ነው። በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ካስገቡት «ኤግዛክት ማች» ይሆናል፤ ይህ ከሁሉም ጠባቡ ነው፤ ምንም እንኳ ዛሬ ዛሬ እሱም ቢሆን በትርጉም የሚመሳሰሉ ቃላትን የሚጨምር ቢሆንም። እርስዎ መጀመር ያለብዎት በእነዚህ በሁለቱ ብቻ ነው። ብሮድ ማች የሆኑትን ቃላት በሙሉ ያጥፏቸው።

ከዚያ ቀጥሎ ማስታወቂያዎ እንዳይወጣባቸው የሚከለክሏቸውን ቃላት፣ ማለትም «ኔጌቲቭ ኪወርድ» የሚባሉትን ዝርዝር ያዘጋጁ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። የሚገዙት ቃል ሲሆን ጎግል ነጠላውንና ብዙውን፣ ተመሳሳዩንና ተቀራራቢውን በራሱ ይጨምርልዎታል፤ የሚከለክሉት ቃል ሲሆን ግን እንዲህ አያደርግም። «ጆብ» የሚለውን ከልክለው «ጆብስ» የሚለውን ካልከለከሉ «ጆብስ» ብሎ ለጻፈው ሰው ማስታወቂያው ይወጣል። ስለዚህ ጆብ፣ ጆብስ፣ ሃየሪንግ፣ ሳላሪ፣ ፔይ፣ ትሬኒንግ፣ ሬንታል፣ ሬንት፣ ማሽን፣ ላይሰንስ፣ እንዲሁም «እንዴት» ተብለው የሚጀምሩትን የእንግሊዝኛ ሐረጎች አንድ በአንድ በእንግሊዝኛ ፊደል ያስገቧቸው። ዝርዝሩ በአንድ ቀን አያልቅም፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሰርች ተርምስ ገጹን በየሁለት ቀኑ እየከፈቱ መጨመር ይኖርብዎታል። ገጹም ሁሉንም እንደማያሳይዎ ልብ ይበሉ፤ ጎግል ከመስከረም 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጥቂት ሰዎች ብቻ የጻፏቸውን ፍለጋዎች ከዚህ ዘገባ ስላስቀረ፣ ከከፈሉት ገንዘብ የተወሰነው በየትኛው ቃል እንደሄደ ሊያዩት አይችሉም። በጀትዎ ትንሽ ሲሆን ጠባቡን አሠራር መምረጥ የሚሻልበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

አሁን ወደ 16ቱ «ውጤቶች» ልምጣ፤ ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ይህ ነውና። 19 ሰው ደውሎ ደንበኛ የሆነው 2 ሲሆን ሂሳቡ 16 ውጤት የሚልዎ ለምን ይመስልዎታል? ከማስታወቂያው የመጣ የስልክ ጥሪ ከ60 ሴኮንድ በላይ ከቆየ፣ እርስዎ ካልቀየሩት በስተቀር እንደ ውጤት ይቆጠራል። ሥራ የሚፈልግ ሰው ደግሞ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስልኩን አይዘጋም፤ ልምዱን ይነግርዎታል፣ ስለ ሰዓቱና ስለ ክፍያው ይጠይቃል፣ እርስዎም በትሕትና ያዳምጡታል። ስለዚህ 11ዱም ሥራ ፈላጊዎች እንደ ደንበኛ ተቆጥረዋል ማለት ይቻላል። ጉዳቱ በቁጥሩ መሳሳት ብቻ አያበቃም። ሂሳብዎ የተከፈተው በተመደበው ገንዘብ ብዙ ውጤት እንዲያመጣ ተብሎ በሚሠራው አውቶማቲክ አጫራረት (የማስታወቂያው ቦታ በጨረታ ስለሚገኝ ዋጋውን ማሽኑ ራሱ በሚያቀርብበት አሠራር) ስለሆነ፣ ማሽኑ ከተቆጠረለት ውጤት ይማራል። «ጥሩ» ተብለው የተመዘገቡለት ሰዎች ሥራ ፈላጊዎች ከሆኑ በሚቀጥለው ሳምንት እነሱን የመሰሉ ሰዎችን ፈልጎ ያመጣል፣ ለእነሱም ከፍ አድርጎ ይጫረታል። በጀትዎን በእጥፍ ቢያሳድጉት እንኳ በእጥፍ የሚበዙልዎት ሥራ ፈላጊዎች ናቸው።

ይህን ለማረም የጥሪውን ርዝመት ወደ ሦስት ወይም አራት ደቂቃ ማሳደግ ይረዳል፤ ግን በቂ አይደለም። ከሁሉ የሚሻለው ውጤት ብለው የሚያስቆጥሩት ነገር ሥራ ፈላጊ ሊያደርገው የማይችለው እንዲሆን ነው። ለምሳሌ የቤቱን ስፋት፣ የመኝታ ክፍሉን ብዛት፣ አድራሻውንና የሚፈለገውን ቀን የሚጠይቅ የዋጋ መጠየቂያ ቅጽ ድረ ገጽዎ ላይ ያስቀምጡና የተሞላውን ቅጽ ብቻ ያስቆጥሩ። የሚቆጠረው ቁጥር ያንሳል፤ ይነስ። ለሚደውሉትም ሰዎች የትኛው ጥሪ ደንበኛ እንደሆነ በደብተር ይያዙ፤ በወሩ መጨረሻ ማመን ያለብዎት ደብተርዎን ነው።

ከዚሁ ጋር በተያያዘ አንድ ነገር ልጠቁምዎ። በድረ ገጽዎ ፎቶ ላይ ከሁሉ በላይ፣ ከስልክ ቁጥርዎም በላይ በደማቅ ቀለም የተጻፈው «ሠራተኛ እንቀጥራለን» የሚል ነው። ሠራተኛ መፈለግዎ ነውር የለውም፤ ሆኖም በከፈሉበት ማስታወቂያ የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚያየው እሱን ከሆነ የመጣበትን ይረሳል። ማስታወቂያው የሚመራበት ገጽ ለብቻው ይዘጋጅ፤ እላዩ ላይ የጽዳቱ ዓይነት፣ የሚሠሩባቸው ሰፈሮች፣ መነሻ ዋጋና ስልክ ቁጥር ብቻ ይኑሩ። የቅጥሩ ማስታወቂያ በሌላ ገጽ ይቀመጥ።

ገጹንና ቃሉን ማቀራረብ ገንዘብም ይቆጥባል። ጎግል ይህን የማስታወቂያ አገልግሎት በጥቅምት 2000 እ.ኤ.አ. ሲጀምር ያስከፍል የነበረው ማስታወቂያው በታየበት ብዛት ነበር፤ በ2002 እ.ኤ.አ. በጠቅታ ወደሚከፈለው ጨረታ ሲሻገር ከፍ ያለ ዋጋ ያቀረበውን ብቻ ሳይሆን ሰዎች የሚፈልጉትን ማስታወቂያ የያዘውንም ማስቀደም ጀመረ። ዛሬም ማስታወቂያው ለፍለጋው ያለው አግባብነትና የሚመራበት ገጽ ጥራት በደረጃው ውስጥ ይቆጠራሉ፤ በዚህም ምክንያት በደንብ የተዘጋጀ ትንሽ ድርጅት ካልተዘጋጀ ትልቅ ድርጅት ባነሰ ዋጋ ከላዩ ሊወጣ ይችላል። ለሁሉም ጥያቄ አንድ ዓይነት ጽሑፍ የሚያወጣ ማስታወቂያ ይህን ጥቅም ያጣል። ስለዚህ የምንጣፉን ከቤት ጽዳቱ ይለዩት፤ ለየራሳቸው ቃል፣ ለየራሳቸው ጽሑፍ፣ ለየራሳቸው ገጽ ይኑራቸው።

ከሌላ ግዛት የደወሉልዎት ሦስት ሰዎች ምክንያታቸው ቀላል ነው። አሌክሳንድሪያ የሚባል ከተማ በሉዊዚያናም በሚኒሶታም አለ። በቦታ ምርጫው ውስጥ ሳይነካ የሚቀመጠው አሠራር በቦታው ያሉትን ብቻ ሳይሆን ለቦታው «ፍላጎት ያሳዩትን» ጭምር የሚያካትት ስለሆነ ከተማዎን የሚመለከት የመሰለው ፍለጋ ከየትም ሊመጣ ይችላል። ምርጫውን በቦታው በአካል ላሉ ወይም አዘውትረው ለሚገኙ ሰዎች ብቻ ያድርጉት፤ ከከተማው ስም ይልቅም ቫንዎ በግማሽ ሰዓት የሚደርስባቸውን የዚፕ ኮዶች ያስገቡ። በተመሳሳይ መንገድ በፍለጋ ማስታወቂያው ውስጥ ተመርጦ የሚመጣውን «ዲስፕሌይ ኔትወርክ» ያጥፉት፤ ማስታወቂያዎን በስልክ ጨዋታዎችና በሌሎች ድረ ገጾች ላይ የሚበትነው እሱ ነው፤ እዚያ ላይ ሕፃን ልጅ ጣቱ ሲያርፍበት እርስዎ ይከፍላሉ። የሚወጣበትንም ሰዓት ስልክ በሚያነሱበት ሰዓት ይወስኑት።

የ48 ዶላሩ ጉዳይ ስሕተት አይደለም፤ ደንቡ ነው። እርስዎ የሚመድቡት የቀን በጀት አማካይ ተደርጎ ስለሚወሰድ ጎግል በአንዱ ቀን እስከ እጥፉ፣ ማለትም እስከ 50 ዶላር ሊያወጣ ይችላል፤ ይህ አሠራር ከጥቅምት 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቆየ ነው። የወሩ ጣሪያ ግን የቀኑ በጀት በ30.4 ተባዝቶ የሚገኘው ነው፤ 25 በ30.4 ሲባዛ 760 ይሆናል፤ የከፈሉትም ይህንኑ ነው። በወር ከ400 ዶላር በላይ ላወጣ አልችልም ካሉ የቀን በጀቱን 13 ዶላር ያድርጉት።

ስለ ተፎካካሪዎ የጠረጠሩት በዓለም ላይ የሌለ ነገር አይደለም። በአርካንሳስ ግዛት አንድ አነስተኛ የስጦታ ዕቃ መደብር ከሌሎች ጋር ሆኖ በሐሰተኛ ጠቅታ ጉዳይ ጎግልን ከስሶ፣ ኩባንያው በ2006 እ.ኤ.አ. እስከ 90 ሚሊዮን ዶላር በሚደርስ ስምምነት ጉዳዩን ዘግቶታል፤ ለማስታወቂያ አውጪዎቹ የደረሳቸው ግን መልሶ ለማስታወቂያ ብቻ የሚውል ክሬዲት ነበር። ዛሬ ጎግል ሐሰተኛ ብሎ የለያቸውን ጠቅታዎች በራሱ ቀንሶ አያስከፍልም፤ ስንት እንደሆኑም «ኢንቫሊድ ክሊክስ» የሚለውን ዓምድ ሠንጠረዡ ላይ ጨምረው ማየት ይችላሉ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ተከታታይ ጠቅታ ካዩና አንድም ጥሪ ካልተከተለ ምርመራ እንዲደረግ ማመልከት ይችላሉ። የእርስዎ ዘገባ ግን ይህን አያሳይም፤ የጠቅታዎቹ አብዛኛው ከላይ በዘረዘርኳቸው ቃላት የመጣ ነው። እርስዎም ሆኑ ሠራተኞችዎ ማስታወቂያው ወጥቶ እንደሆነ ለማየት እያሉ ጎግል ላይ አይፈልጉት፤ ለዚሁ ተብሎ በሂሳቡ ውስጥ የተዘጋጀ የቅድመ ዕይታ መሣሪያ አለ።

በጀትዎን እንዲያሳድጉ የመከረዎትን ሰው በተመለከተ፣ ከማን እንደሆነ ሳያረጋግጡ ምንም አይቀበሉ፤ በስልክዎ የሚደርስ የማረጋገጫ ቁጥርም በምንም ምክንያት ለማንም አይንገሩ። እውነተኛ አማካሪ ቢሆን እንኳ የሚመክርዎትን ከመፈጸምዎ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠይቁት፦ ከ131 ጠቅታ 2 ደንበኛ ብቻ ያመጣ ማስታወቂያ ገንዘብ ሲጨመርበት በምን ይሻሻላል? በሂሳብዎ ላይ የሚታየው «ኦፕቲማይዜሽን ስኮር» የተባለው መቶኛም አያስጨንቅዎት፤ ምክሮቹን ስለተቀበሉ ከፍ ይላል እንጂ ማስታወቂያዎን በጨረታው አያስቀድመውም። ምክሮቹ እርስዎ ሳይጠየቁ በራሳቸው እንዲፈጸሙ የሚያደርገው ምርጫ በርቶ እንደሆነም ያረጋግጡና ያጥፉት፤ ብሮድ ማችን ካጠፉት በኋላ ተመልሶ የሚመጣባቸው ሂሳቦች አሉ።

በወር 600 ዶላር የሚጠይቅዎትን ድርጅት አሁን እንዲቀበሉ አልመክርም። ለ760 ዶላር ማስታወቂያ 600 ዶላር የአያያዝ ክፍያ ማለት እያንዳንዱ ጠቅታ ከ10 ዶላር በላይ ወጣ ማለት ነው። ወደፊት ባለሙያ መቅጠር ከፈለጉ ግን ሂሳቡ በእርስዎ ኢሜይል የተከፈተና እርስዎ ሙሉ አስተዳዳሪ የሆኑበት መሆኑን በውሉ ላይ ያስጽፉ፤ ባለሙያው በራሱ የማናጀር ሂሳብ በኩል ተያይዞ ሊሠራ ይችላል፤ ሲለያዩም ይቋረጣል። በራሳቸው ሂሳብ ከሠሩልዎት ግን በሚለያዩበት ቀን የከፈሉበት የቃላት ዝርዝርና የተጠራቀመው መረጃ ሁሉ እዚያው ይቀራል። ክፍያውም ባወጡት ገንዘብ መቶኛ የሚሰላ ከሆነ ባለሙያው በጀትዎን እንዲቀንሱ ለመምከር ምክንያት እንደማይኖረው ያስቡበት። የአንድ ዓመት ውል አይፈርሙ፤ ከአንድ ወር በፊት በማሳወቅ ሊቋረጥ የሚችል ይሁን።

እንግዲህ ወደ ዋናው ጥያቄዎ፣ ልተወው ወይ ወደሚለው ልመለስ። መልሱ ያለው በላኩልኝ ሁለት ቁጥሮች፣ ማለትም ከምንጣፉ በሚተርፍዎት 70 ዶላርና ከቤት ጽዳቱ በሚተርፍዎት 60 ዶላር ውስጥ ነው። ባለፈው ወር አንድ ደንበኛ የመጣልዎት በ380 ዶላር ነው። አንድ ጊዜ ምንጣፍ አስጸድቶ የሚሄድ ደንበኛ 70 ዶላር ሲተርፍልዎት በእያንዳንዱ 310 ዶላር ከስረዋል። በ5 ዶላር ከ80 ሳንቲም ጠቅታ የምንጣፍ ሥራ ኪሳራ እንዳይሆን ከ12 ጠቅታ አንዱ ደንበኛ መሆን አለበት፤ የእርስዎ ግን ከ65 አንድ ነበር። ይህን ያህል ርቀት በማስተካከያ ብቻ ማጥበብ ከባድ ነው። በየሁለት ሳምንቱ የሚያጸዱለት ደንበኛ ግን ዓመቱን ከቆየ በ26 ጊዜ 1,560 ዶላር ይተርፍልዎታል፤ እሱን በ200 ወይም በ300 ዶላር ማግኘት ያዋጣል። ስለዚህ የምንጣፉን ማስታወቂያ ሙሉ በሙሉ ያቋርጡትና በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ የሚደረግ የቤት ጽዳትን የሚገልጹ ቃላትን ብቻ ይግዙ። ምንጣፉን ቤታቸው ከገቡ በኋላ ለእነዚሁ ደንበኞች ያቀርቡላቸዋል፤ ለዚያ ጠቅታ አይከፈልም።

ከዚህ ጎን ለጎን በነፃ የሚገኘውን የጎግል ቢዝነስ ፕሮፋይል ካልከፈቱ ይክፈቱ፤ በሚገባ የተሞላ፣ ፎቶ ያለበትና ነባር ደንበኞችዎ አስተያየት የጻፉበት ከሆነ በካርታው ላይ ያለ ክፍያ ሊያስወጣዎት ይችላል። ለአስተያየቱ ገንዘብም ሆነ ቅናሽ አይስጡ፤ ደንቡ ይከለክላል። ኢንሹራንስ ካለዎት ደግሞ «ሎካል ሰርቪስስ» የተባለውን የጎግል ማስታወቂያ ይመልከቱት፤ ለቤትና ለምንጣፍ ጽዳት የሚሠራ ሲሆን የሚያስከፍለው በጠቅታ ሳይሆን በሚደርስዎት ጥሪ ወይም መልእክት ነው፤ ከመቀበላቸው በፊት የኋላ ታሪክዎንና ሰነድዎን ያጣራሉ። ወገን የሆኑ ደንበኞችዎ እስከ አሁን በሰው በሰው የመጡበት መንገድ ከሁሉም ርካሹና ታማኙ ስለሆነ አይተዉት፤ የጎግሉ ገንዘብ በዚያ መንገድ ሊደርሷቸው ለማይችሉ ጎረቤቶች ይዋል።

ማስታወቂያውን በተስተካከለው መልክ፣ በቀን 13 ዶላር፣ ለሁለት ወር ያስኪዱት። በሁለቱ ወራት ከ800 ዶላር ያነሰ ያወጣሉ። ቋሚ ደንበኞች ሦስት ወይም ከዚያ በላይ ካገኙበት ይቀጥሉ፤ ሁለት ካገኙ ቃላቱንና ገጹን እንደገና አይተው አንድ ወር ይጨምሩለት፤ አንድ ወይም ምንም ከሆነ ግን ያቁሙት፣ ገንዘቡንም ነባር ደንበኛ አዲስ ደንበኛ ሲያመጣልዎት ለሚሰጡት የአንድ ጊዜ ነፃ ጽዳት ያውሉት።